ልጄ «ካንሰሩ አይታይም» ተባለች፤ አሁን ኬሞውን ትተን ለስለት ቁልቢ እንሂድ ይሉኛል

ጠያቂ፦ የአራት ዓመቷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ነገር ያለፋችሁ ሰዎች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ እስከ ቀጣዩ ኬሞ አሥር ቀን ብቻ ነው ያለኝ።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ነሐሴ ላይ ገረጣችብኝ። እግሬን አመመኝ ትላለች፣ ሮጣ የምትወጣውን ደረጃ «እዘይኝ» ማለት ጀመረች። ሳትወድቅ ገላዋ ይበልዛል። መጀመሪያ የደም ማነስ ነው ተብለን የብረት ሽሮፕ ተሰጣት። ሳይሻላት ሲቀር ወደ ጥቁር አንበሳ ተላክን፤ የደም ካንሰር ተባለ።

ያን ቀን አማቴ ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አገልድመው ቆሙና «የቁልቢው ገብርኤል፣ ይቺን ልጅ ማርልኝ፤ በእግሯ አቁሜ ደጅህ አመጣታለሁ» ብለው ተሳሉ። እኔም አሜን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ኬሞ ጀመረች። የወገብ መርፌው፣ ማስመለሱ፣ ጠዋት ጠዋት ትራሷ ላይ የማገኘው ፀጉር... አልዘረዝረውም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወሩ አልቆ መቅኔዋ እንደገና ሲታይ ሐኪሙ «ካንሰሩ አይታይም፣ በጣም ጥሩ ነው» አለን። እልል ብለን አለቀስን። «ሕክምናው ግን ገና ሁለት ዓመት ከምናምን ይቀጥላል» ማለቱን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

አሁን ቤተሰቡ በሙሉ «ድናለች» ብሏል። ጉንጯ ሞላ ብሏል፣ እንጀራ አይበቃትም። አማቴ ለጠየቃቸው ሁሉ ይህንን እንደ ማስረጃ ያሳያሉ። ያሰቡት ቀጣዩን ኬሞ ትተን፣ ሁለት ሳምንት ጠበል አስጠምቀናት፣ ከዚያ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ እንድንወርድ ነው። ባለቤቴ በእናቱና በእኔ መሀል ተወጥሯል። ትናንት አማቴ «መልአኩ የጀመረውን መርፌ አያስጨርሰውም፤ አንቺ እምነትሽ ደከመ» አሉኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሕክምናው ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ጠበሉንስ ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ ይቻላል? ስለቱን ባናደርስስ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አማቴን ሳላስቀይም እንዴት ልንገራቸው? ክፉ ሰው አይደሉም። ልጄን ሌሊት ሌሊት አቅፈው የሚያድሩት እሳቸው ናቸው።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የሕፃናት ካንሰር ክፍል ነው የምሠራው። የአንቺን ጥያቄ በየወሩ እሰማዋለሁ፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚጠፋብን ልጁ ሲታመም አይደለም። ሲሻለው ነው።

«አይታይም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። በሽታው ሲጀምር በልጅ ሰውነት ውስጥ እስከ ትሪሊዮን የሚደርስ የካንሰር ሴል ይኖራል። የመጀመሪያው ወር አብዛኛውን ይገድለዋል። መቅኔው ሲመረመር ክፉዎቹ ሴሎች ከመቶው ውስጥ ከአምስት በታች ከሆኑና ሌላው ደሟ ካገገመ «አይታይም» ይባላል። ግን ማይክሮስኮፕ የማያገኘው ገና ቢሊዮን ሊቀር ይችላል። ለአማትሽ በእሳቸው ቋንቋ ንገሪያቸው፦ ማታ የተዳፈነ እሳት ከላይ አመድ ብቻ ነው። ጠዋት ሲገልጡት ረመጡ አለ። ቀሪው ሁለት ዓመት ረመጡን ማጥፊያ ነው። አሁን ካቆማችሁ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶት ነው። ሳይቋረጥ የሚጨርሱ ልጆች ግን፣ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ይድናሉ።

ጉንጯና የምግብ ፍላጎቷ ከኬሞው ጋር የምትወስደው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ሥራ ነው። ክኒኑ ሲቆም ይቀንሳል፤ ያኔ ደግሞ «ኬሞው አከሳት» እንዳትባይ ቀድመሽ አሳውቂያቸው።

ስለ ጉዞው ልንገርሽ። ነጭ የደም ሴሏ ዝቅ ባለበት ሰዓት ሕዝብ መሀል መግባት አደጋ ነው። ለሌላው ልጅ ቀላል የሆነ ጉድፍ ለእሷ ከባድ ነው፤ ኩፍኝማ አይነሳ። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥተሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ዛሬ ግዢ። ቁልቢ ደጅ፣ ከአዲስ አበባ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀሽ ትኩሳት ቢነሳባት የት ትሮጫለሽ?

ጠበሉን አልከለክልም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ክንዷ ላይ መርፌው ተተክሎ ካለ ግን አይርጠብ፤ ውሃውም ሜዳ ላይ በብርድ አይፍሰስባት። ግንባሯን፣ እጇን መርጨት ይበቃል። እምነቱንም (የተባረከውን አፈር ወይም አመድ) ግንባሯ ላይ ቀቢያት፤ መርፌ የተወጋችበት ቦታና የአፏ ቁስል ላይ ግን በፍጹም። መጠጡን በተመለከተ የደም ውጤቷን ይዘሽ ሐኪሟን ጠይቂ። አሁን የምትጠጣው ውሃ ሁሉ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የሀበሻ መድኃኒት ከጠበል ጋር አንድ አይደለም። ሥሩና ቅጠሉ ከኬሞው ጋር ተደራርቦ ጉበቷን ሊጎዳ ይችላል። ጎረቤት በብርጭቆ ይዞልሽ ቢመጣ ተቀበዪና አፍስሺው።

መልስ፦ አባት

ብዙ መጻፍ አልችልም። ወንድ ልጄ አምስት ዓመቱ ነበር። በሽታውም ያው ነው። እኛም «አይታይም» ተባልን። እኔ ራሴ ነኝ «ይበቃል» ያልኩት፤ ገንዘቡም አልቆ ነበር፣ ልጁም መርፌ ባየ ቁጥር ሲጮህ መስማት አቅቶኝ ነበር። ስድስት ሳምንት ጠበል ተቀመጥን። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፣ ኳስ ይጫወት ነበር። በአምስተኛው ወር ተመለሰበት። ስንመለስ ሐኪሞቹ አልተቆጡንም። ብዙ ሞከሩ። አልሆነም።

እግዚአብሔርን አልወቅስም፣ ጠበሉንም አልወቅስም። የወሰንኩት እኔ ነኝ። እህቴ፣ ባለቤትሽ ሊያናግረኝ ከፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ለሰው አውርቼው አላውቅም፣ ለእሱ ግን አወራለሁ።

መልስ፦ የወሎ እናት

አባት፣ አላህ ልብህን ይጠግነው።

እህቴ፣ እኔ ከደሴ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ልጄ ባለፈው ዓመት ጨረሰ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ትምህርት ቤት ሰው ይደበድባል። የእኛ ቤት ጭቅጭቅ በሩቅያ ነበር። አያቱ «ቁርኣን ይቀራበት፣ ዘምዘም ይጠጣ፣ ይኼን መርዝ አቁሙ» አሉ። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? የሰፈራችንን ኢማም ቤት ድረስ ጠራኋቸው። እሳቸው «አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አውርዷል፣ ታከሙ ተብለናል» የሚለውን ሐዲስ አንስተው ሽማግሌውን ዝም አሰኟቸው። ዱዓው ቀጠለ፣ ሕክምናውም ቀጠለ። ያንቺም መፍትሔ እሱ ነው፤ አማትሽ ያንቺን ቃል አይቀበሉም፣ የሃይማኖት አባት ቃል ይቀበላሉ።

ሌላው ነገር፣ «እምነት» የሚባለው ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ ድካምና ብር ተደብቆ አለ። ባለቤትሽን ለብቻው ጠይቂው። የእኔ ሰውዬ በኋላ ሲናዘዝ ያስጨነቀው የአልጋ ኪራይ ነበር። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ወላጅ ማረፊያ ካጣ ተስፋ አዲስ የሚባል የወላጆች ማኅበር አለ፤ እኛን ያስጠጋን እሱ ነው። በማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ጠይቂ። እሱም በደም ካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ነው። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ደግሞ እድሳቱ እንዳያልፍባችሁ።

መልስ፦ ስሜን አልጠቅስም

ሁላችሁም ሐኪም ሐኪም ትላላችሁ። እኔ በጠበል ብቻ ከካንሰር የዳነች ሴት በዓይኔ አይቻለሁ። እግዚአብሔር የሚሳነው የለም። ልጅቷን አታሰቃዩአት።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

የሚሳነው የለም፣ ልክ ነህ። ሴትየዋም እውነት ትሁን። እኔ ግን ቆጥሬ የማውቃቸው ሕፃናት አሉ። ያቋረጡት የሚመለሱት በአምቡላንስ ነው።

መልስ፦ ዲያቆን

ነርሷ ስለ 38 ዲግሪ ነግራሻለች፤ እኔም ሁለት 38 አለኝ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ለአማትሽ አንብቢላቸው። ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ መድኃኒትንም ከምድር አወጣ፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ሁለተኛው ትንቢተ ኢሳይያስ 38 ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸለየ፣ አሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ተጨመረለት። ጸሎቱ ከተሰማለት በኋላ እንኳ ነቢዩ «የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ» ነው ያለው።

አዲስ ነገርም አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ሰዉ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ጥሎ እንጦጦ ማርያም ጠበል ሲሰፍር፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በይፋ ተናግረዋል።

ስለ ስለቱ። ልጅቷ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ቀን ካልቆመች ይቀራል የሚል ሥርዓት የለም። ቁልቢን ያሠሩት ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ነው ይባላል። ያሠሩት ግን ድል አድርገው ሲመለሱ እንጂ ጦርነቱ መሀል ጥለው ሄደው አይደለም። ያንቺ ልጅ ገና ጦር ሜዳ ናት። ለአሁኑ ጃንጥላም ሆነ ጧፍ በሚሄድ ሰው እጅ ላኩ። «በእግሯ አቁሜ» የተባለውን ስትጨርስ ታደርሳላችሁ። ንስሐ አባታችሁን ግን ዛሬውኑ ጥሪ፤ የስለት ነገር በእሳቸው ፊት ሲታይ ነው አማትሽን የሚያሳርፈው።

ሌላ ደግሞ የነቢያት ጾም ገብቷል፤ አንዳንድ ቤት ለታመመ ልጅ ወተት ሲከለከል ሰምቻለሁ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም። የታመመም አይገደድም። እንቁላሏን ስጫት።

መልስ፦ ሜሪላንድ ያለሁ

እኔ እዚህ ልጄ ሲታከም እናቴ ጠበል በሃይላንድ ሞልታ በሻንጣ አምጥታለች። ለሐኪሟ ደብቄ ነበር፤ ኋላ ሳልወድ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። «የሚጠጣውን፣ የሚቀባውን፣ የሚበላውን ሁሉ ንገሪኝ እንጂ አትደብቂ» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ግንባሩን ብቻ ነበር የምንረጨው፣ ነርሷም ትጠብቀን ነበር። ብዙ ሰው የሚጎዳው መደበቁ ይመስለኛል።

ጠያቂ፦ የአራት ዓመቷ እናት (ከስምንት ቀን በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ንስሐ አባታችን ቅዳሜ መጡ። ቡና ተፈላ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። አማቴ ስለቱን ሲናገሩ አባ ጨርሰው ሰሟቸው፣ ከዚያ «ገብርኤል ሦስቱን ሕፃናት ከእሳቱ አወጣ፣ ግን እሳቱ ውስጥ አብሯቸው ገብቶ ነው» አሉ። አማቴ ዝም አሉ። የረመጡን ነገር እኔ ጣል አደረግኩ። «እሱስ እውነት ነው» ብለው የሲኒውን ረከቦት አየት አየት አደረጉ። እሺ ግን አላሉም።

ባለቤቴ ማታ «አባት» ለሚለው ሰው ጻፈ። ስልክ ተለዋውጠው ከቤት ወጥቶ አንድ ሰዓት አወራ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ተመልሶ ሲገባ የቀጠሮ ካርዷን ከመሳቢያ አውጥቶ ኪሱ ከተተው። የብሩንም ነገር አነሳልኝ፤ የወሎዋ እናት እውነቷን ነው። ሦስት ወር የቤት ኪራይ በብድር ከፍሎ ኖሯል።

ስለቱን አጎቱ ይዞት ይሄዳል፤ ጃንጥላው ተገዝቷል። ጠበል በትንሽ ጠርሙስ መጥቶልናል፣ ማታ ማታ ግንባሯን ይረጯታል። ለሐኪሟም ነግሬዋለሁ፤ የነጭ የደም ሴሏ ቁጥር ከፍ እስኪል እንዳትጠጣው አለኝ።

ከነገ ወዲያ ገብታ ትተኛለች። አማቴ ዛሬ ጠዋት ሳልጠይቃቸው «እኔ ነኝ አብሬያት የማድረው፣ ቴርሞሜትሩን አሳዪኝ» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ለማንበብ ሲታገሉ ልጄ ከሥራቸው ሆና «ሠላሳ ስንት አያቴ?» ትላቸዋለች። ሠላሳ ስድስት ከስድስት ነበር።