የእማዬ የአጥንት መርፌ ጠፋ፤ ቢዘገይስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ለአጥንት መሳሳት በየ6 ወሩ ዴኖሱማብ ትወጋለች። የጀመረችው ደረጃ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ከተሰበረ በኋላ ነው። ቀኗ ደርሷል። ከፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና ፋርማሲዎቹን ጠየቅኩ፤ የለም። ትንሽ ብትቆይ ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም ቀላል እንዳይመስልሽ። ይህ መርፌ ሲቋረጥ አጥንቱ ቶሎ ይሳሳል፤ አከርካሪ እስከ መሰበር ይደርሳል። ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ንገሪ። በዓመት 1 ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ። ኩላሊታቸው ታይቶ እሱን ሊያዙላቸው ይችላሉ።

መልስ፦ ካገኘሽው ቅዝቃዜው እንደተጠበቀ ውሰጂው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። በረዶ ግን እንዳይሠራ። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አይቋረጥባቸው። ጥርስ የሚያስነቅሉ ከሆነም አስቀድመው ይናገሩ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ሐኪሟ ጋ እደውላለሁ።