ለደም ካንሰር ከኬሞ ጋር አዲስ ክኒን መሞከር፦ ወንድሜን ላስገባው?

የደብረ ብርሃን ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ አኪዩት ሉኪሚያ (ቶሎ የሚባባሰው የደም ካንሰር) ተብሎ አዲስ አበባ ተኝቷል፣ ዓይነቱ ኤኤምኤል ነው። አሜሪካ ያለችው አክስታችን "እዚህ ከኬሞ ጋር የሚሰጥ፣ ካንሰሩን ለይቶ የሚመታ ክኒን እየተሞከረ ነው፣ ይግባበት" ትላለች። አባባ ደግሞ "ልጄን መሞከሪያ አላደርግም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ እንውሰደው" አሉ። እኔን ያስፈራኝ ግን ገሚሱ ሰው ባዶ ክኒን ይሰጠዋል የሚባለው ነው። ያለ ሕክምና ሊተውት ነው?

ፋርማሲስቱ፣ ሸዋ ሮቢት
አይዞህ ወንድሜ፣ አይተውትም። ሚዶስቶሪን የተባለው ክኒን ሲሞከር 717 ታማሚዎች ነበሩ፣ ሁሉም የተለመደውን ኬሞ አግኝተዋል፤ ሳይታራቢን 7 ቀን፣ ዳውኖሩቢሲን 3 ቀን። ከ8ኛው ቀን ጀምሮ ነው ገሚሱ ክኒኑን፣ ገሚሱ ማስመሰያውን የዋጠው። ከ4 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ክኒኑን ከወሰዱት 51 በመቶ፣ ከሌሎቹ 44 በመቶ ገደማ ናቸው። ተአምር አይደለም፣ ግን ማን ይንቀዋል? አሜሪካም በፈረንጆቹ 2017 ፈቅዳዋለች፣ ስለዚህ አክስትህ ያሰበችው ይሄን ከሆነ ሙከራው አልቋል።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ያ ጥናት የተሠራው ኤፍኤልቲ3 የሚባለው ጂናቸው በተለወጠባቸው ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ከሦስት የኤኤምኤል ታማሚ አንዱ ገደማ ይኖርበታል። ወንድምህ ከሌለበት ስለዚህ ክኒን አትጨነቅ። መጀመሪያ ምርመራው ተሠርቶለት እንደሆነ ጠይቅ።

እህተ ማርያም፣ መንዝ
የኔ እናት ሥር የሰደደው ሉኪሚያ ነበረባት፣ ኢማቲኒብ ብቻ እየዋጠች ቤቷ ትውል ነበር። ጎረቤት ይሄን አይቶ "ክኒን እያለ ኬሞ ምን ያደርጋል" ሊልህ ይችላል፣ አትስማ! አኪዩቱ ጊዜ አይሰጥም።
ጠበሉን እኛም አልተውንም። ግን በኬሞ ነጭ የደም ሴሉ ሲወርድ ሕዝብ መሃል ተጋፍቶ መጠመቅ ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። አባባ ሄደው ይጸልዩለት፤ ጠበሉን ከመጠጣቱ በፊትም ሐኪሙን አማክሩ።

የደብረ ብርሃን ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለምርመራው መቅኔው እንደገና ይወጋል? ውጤቱ እስኪመጣስ ኬሞው ይቆያል?

ፋርማሲስቱ፣ ሸዋ ሮቢት
ከመቅኔ ወይም ከደም ይሠራል፣ የተቀመጠ ናሙና ካለ ላይወጋ ይችላል። ኬሞውን ለዚህ ብላችሁ አታቆዩ፣ ክኒኑ በ8ኛው ቀን ስለሚጀመር ለውጤቱ ጊዜ አለ። አክስትህ ክኒን በሰው እንዳትልክ። አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶች ሚዶስቶሪንን ደም ውስጥ ከልክ በላይ ያደርጉታል፣ ሐኪሙ ሳያውቅ አይዋጥም። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የምትሰጡት ካለ ንገሩት።