በቀቀን ጎብኚን ቢሰድብ ምን አለበት?

ጦና፦ እንግሊዝ ሊንከንሻየር ያለው የዱር እንስሳት ፓርክ በ2020 እ.ኤ.አ. አምስት ግራጫ በቀቀኖች ጎብኚ ሰደቡ ብሎ ከእይታ አራቃቸው። በ2024 ደግሞ ስምንት ተሳዳቢዎችን ከ92 ጨዋዎች ጋር ቀላቅሎ ጠባይ ሊያስተምራቸው አሰበ። ምን አስጨነቃቸው? ሰው ከፍሎ ገባ፣ ስቆ ወጣ፤ የከሰሰ የለም!

ማክዳ ከሊድስ፦ «የከሰሰ የለም» ነው ያልከው? ወፎቹ ጠበቃ ያቁሙ? ባለቤቶቻቸው የሰጧቸው እኮ ናቸው። ደግሞ ከእይታ የራቁት ልጆች እንዳይሰሙ ነው፤ እስር ቤት አልገቡም።

ጦና፦ ወሬ አታብዢ። ማን ከሰሰ?

የእንጦጦ ልጅ፦ እኔ ልክሰስልህ። ዱር ውስጥ በመንጋ የሚኖር ወፍ ለብቻው ሲታጎር ላባውን እየነጨ ደረቱን ይመልጣል። ከዚህ በላይ ምን ክስ ትፈልጋለህ? የፓርኩ ጥፋት አምስቱን ለይቶ ማቆያ ውስጥ አንድ ላይ መክተቱ ነው። አንዱ ሲሳደብ ሌላው ይስቅለታል፤ አጃቢ ያገኘ ተሳዳቢ መቼ ዝም ይላል?

ብርሌ፦ ይሄ ግሩፕ ራሱ እንደዛው አይደል?

ጦና፦ መንጋ መንጋ አትበሉኝ። ስፒክስ ማካው የሚባለው ሰማያዊ በቀቀን ከዱር ጠፍቶ በ2022 ብራዚል ላይ መልሰው የለቀቁት ሰው እጅ ላይ ስለተራባ ነው። ሁሉም ጫካ ይቅር ቢባል ዛሬ አንድም አይኖርም ነበር።

የእንጦጦ ልጅ፦ ማራባትና ለትኬት ማሳየት አንድ ነው? ብዙዎቹ ማካዎች ከመጡበት ከጀርመኑ ማራቢያ ደጃፍ የጎብኚ ሰልፍ አልነበረም። አንተ ለሳቅ የምትከራከረውን በማካው አትሸፍነው።

ብርሌ፦ የስድስት ኪሎዎቹን አንበሶችስ ማን ይክሰስላቸው?

ማክዳ ከሊድስ፦ ብርሌ፣ ርዕስ አታስት። ጦና፣ ዱባይ ቤትህ ግራጫ በቀቀን የለህም እንዴ? ባለፈው ፎቶውን ለጥፈህ ነበር።

ጦና፦ አለኝ፤ ታዲያስ? ከዱር የተያዘውን በአገሮች መካከል መነገድ በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡ አገሮች አግደዋል፤ የኔው ማራቢያ የተፈለፈለ ነው፣ ወረቀትም አለው።

ማክዳ ከሊድስ፦ ወረቀቱን ማን ጠየቀህ? ሥራ ስትሄድ ከማን ጋር ይውላል?

ጦና፦ ቲቪ ከፍቼለት ነው የምወጣው።

የእንጦጦ ልጅ፦ በየትኛው ቻናል?

ጦና፦ አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ!