የፊት ቸርኬዎቼ በማግሥቱ ይጠቁራሉ፤ በምን ላጽዳቸው?

ጠያቂ (ባለ ቪትዝ)፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። የቪትዜ ቸርኬ አልሙኒየም ነው። የፊት ሁለቱ በታጠቡ በማግሥቱ ጥቁር ይለብሳሉ፤ የኋላዎቹ ደህና ናቸው። ከእንጦጦ በኩል ስለምመላለስ ቁልቁለት አይጠፋም። ላቫጆ ያሉ ልጆች በናፍጣ ያሹልኛል። አንዱ ደግሞ «ያለ አሲድ አይለቅም» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

መካኒኩ፦
እህቴ፣ አሲዱን በፍጹም! የቸርኬውን መከላከያ ቀለም ይበላና አልሙኒየሙን ያበላሸዋል። ይሄ የመንገድ አቧራ አይደለም። ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ (ሸራው ከሚይዘው፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ብረት) ተፍቆ የሚወጣ ብናኝ ነው፣ ብረት አለበት። ትኩስ ሆኖ ይለጠፋል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ቪትዝ ኋላዋ ባብዛኛው ታምቡር (ዙሪያውን የተሸፈነ ፍሬን) ስለሆነ ደግሞ ብናኙ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ለመሆኑ ሁለቱ እኩል ይጠቁራሉ? አንዱ ብቻ ከባሰ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ይዞ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አሳዪው።

ጠያቂ፦
እኩል ናቸው፣ ተመስገን።

ዘበናይ፦
እንግዲያው ማጽዳት ብቻ ነው። ከጉዞ እንደገባሽ አትጠቢ፣ ቸርኬው ይቀዝቅዝ። ጥላ ቦታ አቁሚና ብናኙን በውኃ አስወግጂ። ከዚያ በመኪና ሻምፖና በለስላሳ ብሩሽ እሺው። የቸርኬው ባልዲና ስፖንጅ ለብቻ ይሁን፤ ያ ብረት ቦዲ ላይ ከሄደ ይጭረዋል። የሽቦ መፈግፈጊያና በረኪና አይነካካ። የቆየው አልለቅ ካለ አሲድ የሌለበት «አይረን ሪሙቨር» የሚባል ማጽጃ አለ። ስትረጪው ወደ ሐምራዊ ይቀየራል፣ ብረቱን እያሟሟ ነው ማለት ነው። ሳይደርቅ እጠቢው። ሽታው እንደ ገማ እንቁላል ነው፣ አፍንጫሽን ያዢ! ሲደርቅ ሰም ቀቢው፤ ቀጣዩ እጥበት ይቀልሻል። ዲስኩን ግን ሰም እንዳይነካው።

አሽከርካሪ ከቨርጂኒያ፦
እኔ ሸራውን በሴራሚክ ቀይሬ ነው የተገላገልኩት። ብናኙ ያነሰ ነው፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ብዙ አይታይም። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለቸርኬ ብቻ ብለሽ ደህናውን ሸራ አታውጪ፣ የመቀየሪያው ጊዜ ሲደርስ አስቢበት።

የላዳ ልጅ፦
ናፍጣውንም አስቁሚ። ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማም ይጎዳል። ዲስክና ሸራ ላይ ከረጨማ ፍሬን ያሳጣል! ቁልቁለቱን ደግሞ ዝቅ ባለ ማርሽ ውረጂ፣ ሸራሽም ይቆይልሻል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለላቫጆዎቹ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።