የሆኪ ቡድን ሲገነባ ገንዘቡ የት ይግባ? እልህ፣ ፍጥነት ወይስ ችሎታ?

የብሔራዊው ልጅ፦
ሰላም የሆኪ ቤተሰቦች። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የምንሰበሰብ ጓደኛሞች ነን። የኤንኤችኤል፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ቡድን በወረቀት ላይ እየሠራን እንፎካከራለን። ሕጉ ቀላል ነው። 23 ተጫዋች፣ እውነተኛ ደመወዝ፣ የ2025-26 የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ከ95.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈል አይችልም። እኔ የኤድመንተንን ሁለት ኮከቦች፣ ማክዴቪድን በ12.5፣ ድራይሳይትልን በ14 ሚሊዮን ያዝኩ። ሁለቱ ብቻ 26.5 ሚሊዮን በሉ። ለቀሩት 21 ሰዎች 69 ሚሊዮን አለኝ። ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ፈጣን ልጆች ሙላበት» ይላል። ሌላው «በጥሎ ማለፉ ግጭት ስለሚበዛ ግዙፍ ሰው አምጣ» ይላል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ሚኪ ካዛንቺስ፦
ግዙፍ ይሻላል ወንድሜ። በጥሎ ማለፉ ዳኞች ብዙ ነገር ያልፋሉ። ኮከቦችህን የሚጠብቅ ከሌለ ደብድበው ያወጡብሃል። አንድ ሁለት ተደባዳቢ የግድ ነው።

ኤድመንተን ደርሶ መልስ፦
ሚኪ፣ በተደባዳቢው አልስማማም። ኤድመንተን ታክሲ ስነዳ በጨዋታ ማታ የቡድኑ ስታዲየም ሮጀርስ ፕሌስ ደጃፍ ደጋፊ እጭን ነበር። በሽንፈት ማታ መኪናው ውስጥ የምሰማው ምሬት «ማን ተደባደበልን» አልነበረም። «ሦስተኛው መስመር የት ጠፋ?» ነበር የሚሉት። አሁን ሶማሌ ተራ መለዋወጫ እየሸጥኩም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ጨዋታ ስከፍት ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያ መስመር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ጨዋታ 12 አጥቂ ይሰለፋል። ሦስት ሦስት ሆነው አራት መስመር ይሠራሉ። አንድ መስመር በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ይቀየራል። ስለዚህ ማክዴቪድም ቢሆን ከ60ው ደቂቃ የሚበዛውን ወንበር ላይ ነው የሚያሳልፈው። ያን ጊዜ ማን ይጫወትልህ? መደባደብ ብቻ የሚችል ሰው ከያዝክ አሰልጣኙ በጭንቅ ሰዓት አያስገባውም። ደመወዙን ግን ትከፍላለህ።

ታምፓ ቤይን ተመልከት። በ2018-19 62 ጨዋታ አሸንፎ 128 ነጥብ ሰበሰበ። ችሎታውም ፍጥነቱም ሞልቶ ነበር። በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ዙር ግን ኮለምበስ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0 አሰናበተው። ታምፓ ግን ኮከቦቹን አልበተነም። በ2020 የካቲት ላይ ብሌክ ኮልማንንና ባርክሌይ ጉድሮውን አመጣ። የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ 3 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም ነበር። ነገር ግን ለእያንዳንዳቸው የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ፣ ማለትም ከአዲስ ወጣት ተጫዋቾች ቀድሞ የመምረጥ ተራ፣ ሰጥቶባቸዋል። ለሦስተኛ መስመር ተጫዋች ይህ ከባድ ዋጋ ነው። ከያኒ ጉርድ ጋር ተጣመሩ፤ ታምፓ የ2020ንም የ2021ንም ዋንጫ አነሳ።

እነዚህ ልጆች የሚጋጩት ለመጋጨት አልነበረም። ተከላካዩ ፓኳን፣ የሆኪዋን ክብ ጎማ፣ ከሜዳው ሳያወጣት ደርሰው ያስጨንቁታል። ለመድረስ ደግሞ ፍጥነት ያስፈልጋል። ቀርፋፋ ሰው የሚገጨው ፓኳ ከሄደች በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ የ2 ደቂቃ ቅጣት ያመጣብሃል። የ2021ን ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ፈልገህ እይ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ጉድሮው ፓኳን ይዞ ገሰገሰና አቀበለ። ኮልማን ወደ ፊት ተወርውሮ፣ እየወደቀ ሞንትሪያል ላይ አገባት። እልህና ችሎታ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እንደዚያ ነው።

ሊያ ፒያሳ፦
ጋሼ፣ በሦስተኛው መስመር እስማማለሁ። ኮሎራዶን ግን ረሱት። በ2022 ያንኑ ታምፓን በፍጻሜው 4 ለ 2 ያሸነፈው በፍጥነት ነው። ኬል ማካር ከኋላ ፓኳን ይዞ ሲነሳ ማን ይደርስበታል? ተከላካይ ሆኖ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። የብሔራዊው ልጅ፣ ማክዴቪድ ፓክ የሚያገኘው ከኋላ የሚያወጣለት ሲኖር ነው። እኔ ብሆን የ69 ሚሊዮኑን ትልቅ ድርሻ ለተከላካዮቹ እሰጣለሁ። በረኛም አትርሳ።

ኤድመንተን ደርሶ መልስ፦
ሊያ፣ እውነትሽን ነው፤ የተከላካዩን ነገር እቀበላለሁ። ግን ያንን ዋንጫ የወሰነችው ግብ የማን ናት? የአርቱሪ ሌኮነን። በዚያው ዓመት መጋቢት ከሞንትሪያል የመጣ ታታሪ ልጅ ነው። እኛን ኤድመንተኖችንም ከዚያ በፊት በነበረው ዙር በጭማሪ ሰዓት ያሰናበተን እሱ ነው። ያቺ ግብ አሁንም ታንገበግበኛለች።

የብሔራዊው ልጅ፦
ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነቱን ተጫዋች ሁሉም ይፈልገዋል። በርካሽ ከየት ላምጣ?

ኤድመንተን ደርሶ መልስ፦
ዋንጫ ሳያነሱ በፊት ያዛቸው። በ2021 ሐምሌ ታምፓ ሦስቱንም አጣ። ኮልማን ካልጋሪ ገባ፣ ጉድሮው ወደ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ሄደ፣ ጉርድን አዲሱ የሲያትል ቡድን ወሰደው። ካሸነፉ በኋላ ሁሉንም ጣሪያው ሥር ማቆየት አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ የፍሎሪዳ ነው፤ እሱ ግን ደፋር ይፈልጋል። በ2021-22 በ122 ነጥብ ሊጉን መርቶ በጥሎ ማለፉ በታምፓ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ 115 ነጥብ (ለተጫዋች ሲሆን ያገባውና ያቀበለው ግብ ድምር ነው) የነበረውን ሁበርዶን፣ ተከላካዩን ዊገርንም ጨምሮ ለካልጋሪ ሰጠና ማቲው ትካቸክን አመጣ። ትካቸክ ግብ አፍ ላይ ቆሞ ይገፋል፣ ያናድዳል። ያው ሰው በዚያ ዓመት 104 ነጥብ ነበረው። የ2024ንና የ2025ን ዋንጫ ከኛ ከኤድመንተን እጅ ነጠቁን።

አንተ ኮከቦችህን ይዘሃል፤ ስለዚህ የታምፓውን መንገድ ሂድ። ከ1 እስከ 3 ሚሊዮን የሚከፈላቸውን አጥቂዎች ዝርዝር አውጣ። ከነሱ ውስጥ ቡድናቸው በቅጣት ሰው ሲጎድልበት እነማን እንደሚሰለፉ እይ። አሰልጣኝ በዚያ ሰዓት የሚያምነው ሰው እግርም ልብም አለው። ሦስቱን መርጠህ ለጥፍልን፣ አብረን እናያቸዋለን።