ሌሊት የሚሠራ ሰው ለኮርቲሶል ምርመራ ደም የሚሰጠው መቼ ነው?

ዳቦ ቤት ሌሊት ነው የምሠራው፤ የምተኛው ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት። ድካም ቢበረታብኝ ሐኪሜ የኮርቲሶል (በጭንቀት ጊዜና ከእንቅልፍ ስንነቃ ከፍ የሚል ሆርሞን) ምርመራ አዘዘችልኝ። መጀመሪያ ከሥራ እንደወጣሁ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ሰጠሁ፤ ውጤቱ በዴሲሊትር 27 ማይክሮግራም። ባለሙያው ደም ሥሬ ጠፍቶበት ሦስት ጊዜ ስለወጋኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ ብቻውን ሳይጨምረው አልቀረም። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ደገምኩ፤ 11 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው የማነጻጸሪያ ልክ ግን ሌሊት ለሚተኛ ሰው የወጣ ነው። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሐኪሜን አማክሬ ካቆምኩ 6 ሳምንት ሞልቶኛል። የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ቅባቱንም ጭምር፣ አልጠቀምም። ሦስተኛው ምርመራ ሰኞ ነው፦ ደሜን የምሰጠው እንደማንኛውም ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው ወይስ ከእንቅልፌ እንደነቃሁ?