ያለ ፈቃዳችን የክሬዲት ፋይል መያዝ አለባቸው ወይ? እስቲ እንከራከር

ክርክሩን የከፈተው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ስንኖር መቼም ክሬዲት ያልነካው ሰው የለም፣ ቤት ልትከራይ ክሬዲት፣ መኪና ልትገዛ ክሬዲት፣ ስልክ በኮንትራት ልታወጣ ክሬዲት። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሶስት ኩባንያዎች የእያንዳንዳችንን ፋይል፣ ማለት የብድርና የአከፋፈል ታሪካችንን፣ ይዘው ይሸጣሉ፣ እኛ ግን ደንበኞቻቸው አይደለንም፣ ያዙልን ብለንም አልፈረምንላቸውም። በ2017 ኢኩፋክስ ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ሲወጣ፣ ስም ከነ ትውልድ ቀን ከነ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማለት ነው፣ የሶፍትዌሩን ክፍተት የሚደፍነው ፓች ከማርች ጀምሮ ወጥቶ ነበር፣ በጊዜው አልጫኑትም። ለህዝቡ የነገሩት ሴፕቴምበር ላይ ነው። ክሬዲት ካርድህን መቀየር ትችላለህ፣ የትውልድ ቀንህን ግን በምን ትቀይራለህ? ስለዚህ እኔ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ይቁም ባይ ነኝ።

ሞርጌጅ ላይ የምትሰራ፦
ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ፈቃድ ይጠየቅ የምትለውን እስቲ እስከ መጨረሻው ሂድበት። ብድሩን ያልከፈለ ሰው ፈቃዴን አንስቻለሁ ብሎ ቢያስጠፋው ፋይል ላይ የሚቀረው ደህና ደህናው ብቻ ነው፣ ያኔ አበዳሪው ማንን እንደሚያምን ስለማያውቅ ሁሉም ላይ ወለድ ይጨምራል፣ የሚጎዳው በሰዓቱ ሲከፍል የኖረው ነው። ድሮ የነበረውን ደግሞ አትርሱ፣ ኢኩፋክስ ሪቴይል ክሬዲት በሚባልበት ዘመን መርማሪዎቹ ጎረቤት ድረስ እየሄዱ ይጠጣል ወይ፣ ትዳሩ እንዴት ነው እያሉ ይጽፉ ነበር። የ1970ው የክሬዲት ሪፖርት ህግ የወጣው ለዚህ ልጓም ለማስገባት ነው። ማን ለምን ጉዳይ ማየት እንደሚችል ወሰነ፣ መጥፎ ታሪክ አብዛኛው ከ7 ዓመት በላይ አይቆይም አለ፣ አይቶ የመከራከር መብትም ሰጠ። እኛ ደግሞ ማንም ሳያውቀን መጥተን ዘመድ ዋስ ሳንጠራ ቤት የምንገዛው በዚሁ ፋይል ነው እኮ።

ነርሷ፦
እህቴ የመከራከር መብት ያልሽው እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። እዚህ አገር የአባታችን ስም ላስት ኔም ሆኖ ይገባል፣ ስንት ተስፋዬ ስንት ከበደ አለ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም አራት ዓይነት ነው። የማላውቃት ሴት እዳ እኔ ፋይል ውስጥ ገባ። መታወቂያዬን፣ የኖርኩበትን አድራሻ ሁሉ ኮፒ አድርጌ ላክሁ፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መጣ፣ ተረጋግጧል ይላል። እንዴት አረጋገጣችሁ ብዬ ስደውል እዳውን የላከውን ኩባንያ ጠየቅነው ያንቺ ነው አለ አሉኝ፣ በቃ ይኸው ነው ማጣራቱ። ሶስት ጊዜ ላክሁ ሶስቴም ያው መልስ። በመሃል የምፈልገው አፓርትመንት አመለጠኝ፣ ልጆቼን ይዤ ሰው ቤት ነው የከረምኩት። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

የአይቲ ሰው፦
ይሄ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሸማቾችን የሚጠብቀው የመንግስት መስሪያ ቤት ፌደራል ትሬድ ኮሚሽን በ2013 ያወጣው ጥናት ላይ ከአምስት ሰው አንዱ ቢያንስ አንድ ሪፖርቱ ላይ ተከራክሮ የተስተካከለ ስህተት ነበረው፣ 5 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ብድር ሊያስወድድባቸው የሚችል ስህተት ነው የተገኘባቸው። በስም ምክንያት ደግሞ ከዚህም የባሰ አለ። ትራንስዩኒየን የሰዎችን ስም ከሽብርተኞች ዝርዝር ጋር ስምና የአባት ስም ብቻ እያየ ሲያመሳስል ነበር፣ የትውልድ ቀን እንኳ አያመሳክርም። አንዱ በ2011 መኪና ሊገዛ ሄዶ ዝርዝሩ ላይ ነህ ተብሎ አንሸጥልህም አሉት። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ሲወሰን ከ8,185 ሰዎች ውስጥ ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላከባቸው 1,853ቱ ብቻ ናቸው ተጎድተዋል የተባሉት፣ ሌሎቹ ፋይላቸው ላይ ተለጥፎባቸው ካሳ መጠየቅ አትችሉም ተባሉ።

ሞርጌጅ ላይ የምትሰራ፦
እሱ ያሳፍራል፣ አልከራከርም። ግን 5 ከመቶ ማለት 95ቱ ላይ ብድር የሚያስወድድ ስህተት አልተገኘም ማለት ነው፣ ለዛ ብለን ሁሉንም እናፍርስ?

ነርሷ፦
አምስቱ ውስጥ ስትሆኚ መቶ ከመቶ ነው የሚደርስብሽ።

የአይቲ ሰው፦
እኔ ማፍረስ አላልኩም። ቀጣሪ ፋይልህን ለማየት በጽሁፍ ፈቃድህን ማግኘት አለበት፣ አበዳሪ ግን ህጉ የፈቀደለት ምክንያት ካለው ይበቃዋል። ለምን ሁሉም ፋይል ሲጀመር ፍሪዝ፣ ማለት ባለቤቱ እስኪከፍተው አዲስ አበዳሪ እንዳያየው የተዘጋ፣ አይሆንም? ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ ፍሪዝ በነጻ ነው፣ በኦንላይን ወይ በስልክ ክፈቱልኝ ስትል በአንድ ሰዓት ውስጥ መክፈት ግዴታቸው ነው። አሁን ተዘግቶ እንዲቆይ የሚፈልገው ነው ሶስቱም ጋ እየዞረ የሚለምነው፣ ይገልበጥ። ብድር ስትፈልግ አንተ ትከፍተዋለህ፣ ሌባ ግን በስምህ ካርድ ለማውጣት ይቸገራል።

ክርክሩን የከፈተው፦
ይሄ ደስ ይላል፣ ግን ፍሪዝ የሚያግደው ማየቱን ነው እንጂ መሰብሰቡን አይደለም፣ በ2017 የተሰረቀው እኮ የተሰበሰበው ነው። የህክምና እዳስ? ታሞ ሆስፒታል የገባ ሰው መርጦ አልተበደረም። ከ500 ዶላር በታች ያለውን በ2023 ሶስቱ ኩባንያዎች ራሳቸው ከፋይል አወጡት፣ የሸማቾችን የገንዘብ ጉዳይ የሚቆጣጠረው የፌደራል መስሪያ ቤት ሲኤፍፒቢ በጃንዋሪ 2025 ሙሉ በሙሉ ይውጣ ብሎ ደንብ አወጣ፣ በዛው ዓመት ጁላይ ቴክሳስ ያለ ፌደራል ዳኛ ሻረው።

ሞርጌጅ ላይ የምትሰራ፦
የህክምናው ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ስራዬ ላይ የማየው ነው፣ ኢንሹራንስና ሆስፒታል ተጨቃጭቀው ሳይጨርሱ እዳው ሰውዬው ላይ ይጻፋል፣ ስለ አከፋፈሉ የሚነግረኝ ነገር የለም።

ክርክሩን የከፈተው፦
እንግዲያው ፈቃድ የሚለውን ለጊዜው ልተወው። እዳው የኔ አይደለም ያለ ሰው ሲመጣ ማስረጃ የማምጣት ሸክሙ የላከው ኩባንያ ላይ ይሁን፣ የተፈረመውን ውል ያምጣ፣ አዎ የሷ ነው ብሎ መመለስ ብቻ አይብቃ። ካላመጣ በ30 ቀን ይሰረዝ።

ሞርጌጅ ላይ የምትሰራ፦
ትንንሽ አበዳሪዎች ያን ያህል ጣጣ ከሆነ ሪፖርት ማድረጉን ይተዉታል፣ ግዴታ የለባቸውም እኮ። ያኔ እነሱ ጋ በትክክል የከፈለው ክሬዲት አይገነባም።

ነርሷ፦
እኔ ስራ ውዬ ሌሊት ወረቀት እየለቀምኩ ሶስት ጊዜ ልኬያለሁ። እነሱ አንድ ጊዜ ይላኩ።